ከእህቴ መስኮት ሥር የሚቆመው መኪና

የበደለኝ ሰው መኪናዬን የሸጠልኝ ድርጅት የጥገና ኃላፊ ነው። የበደለኝም ባለፈው ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን ነው። ስሙን አልጽፍም። እናቱ የእድሬ ሰው ናት፤ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አልቅሳለች። ስሙን የተውኩት ለእሷ ብዬ እንጂ ለእሱ አዝኜ አይደለም።

ከእሱ በፊትም የበደሉኝ አሉ። የባለቤቴ ወንድሞች ሰልስቱ ሳይወጣ የቤቱን ካርታ አምጪ ብለውኛል። መሥሪያ ቤት ሥራ ያስተማርኳት ልጅ ጡረታ የምወጣበት ቀን ሳይደርስ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ ጠብቃኛለች። አልረሳሁላቸውም፣ ይቅርም አላልኳቸው። ግን ሲመጡ አይቻቸዋለሁ። ንብረት ፈለጉ፣ ወንበር ፈለጉ፣ መፈለጋቸውንም አልደበቁም። ይኼኛው የመጣብኝ በፍርሃት በኩል ነው። የሚያስብልኝ ሰው መስሎ ነው የመጣው።

የምኖረው ወደ ፉሪ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሠፈር ነው። ግቢዬ ጠባብ ነው። ታላቅ እህቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አብራኝ ትኖራለች። ዋናው ቤት ደረጃ ስላለው የምትተኛው ከግቢው በር አጠገብ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ አንድ በርና አንድ መስኮት አላት፤ ሁለቱም የሚከፈቱት መኪናው ወደሚቆምበት ቦታ ነው። መኪናው ሲገባ አፍንጫው መስኮቷን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬትም እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። ሌላ ቦታ የለኝም።

መኪናውን የገዛሁት ለእሷ ነው። ታክሲ እግሯን በሁለት እጅ አንስተው የሚያስገቧትን ሴት ቆሞ አይጠብቅም። ቤንዚን ሰልፍ ላይ የምውልበት ጉልበት ደግሞ እኔ የለኝም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ የሆነችውን ትንሽ መኪና ገዛሁ፤ ያውም የዚያ ሰው እናት፣ «ልጄ እዚያ ነው የሚሠራው፣ ቢበላሽብሽ እንኳን የራስሽ ሰው አለልሽ» ብላኝ።

በመኪናው እህቴን ከፉሪ ወዲያ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ጸበል እወስዳታለሁ። ሐኪሙን አልተውንም፣ መድኃኒቷን ትውጣለች። ግን ከጸበል በተመለሰች ቁጥር የቀኝ እጇ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የማያምነኝ አያምነኝ። ስንመለስ በቢጫ ጀሪካን ጸበል ቀድተን እንመጣለን። የሚያወርድልኝ ሰው ስለሌለ ጀሪካኑ ከኋላ ወንበር እግር ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ጠዋት ጠዋት በኩባያ እየቀዳሁ እወስድላታለሁ። ስለ እህቴ ሕመም ለሠፈር ሰው አልናገርም። አንዴ ከተናገሩ ሁሉም በየመንገዱ እያስቆመ፣ «እንዴት ሆነችልሽ?» ይላል፤ መልሱን ግን ለመስማት አይደለም የሚቆመው።

ፍልሰታ ገባ፤ በፍልሰታ ደግሞ አንድም ቀን ሳናጓድል ልንሄድ ተነጋግረን ነበር። በዚያው ሰሞን ከመሪው ጀርባ ቢጫ መብራት በራ። አጠፋሁት፣ አስነሳሁት፣ መብራቱ አለ። እህቴን አሳፍሬ መንገድ ላይ ቢቆምብኝ ብዬ ፈራሁና ወደ ድርጅቱ ልወስደው ወሰንኩ።

ከመሄዴ በፊት ግን ጀሪካኑን አወረድኩ። ጸበል ጋራዥ አይገባም። ዘይትና የሰው እግር መሃል የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ደግሞ ያ ልጅ አይቶ፣ «ማን ታመመ?» እንዲለኝ አልፈለግኩም። ብዙውን በላስቲክ ጠርሙሶች ገለበጥኩና የቀረውን ከነጀሪካኑ ተሸክሜ እህቴ ክፍል አስገባሁት፤ ሰው የሚረግጠው ወለል ላይ እንዳይሆን ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቆምኩት። ጀሪካኑ እንደጠበቅኩት የሞላ አልነበረም። የዚያን ቀን ጠዋት ስለዚህ ነገር ከእህቴ ጋር ተነጋግረናል።

«ጸበሉን ለጎረቤት እየሰጠሽ ነው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ ተነስቼ መኪና ከፍቼ የማከፋፍለው?» አለች። ከታመመች ወዲህ ቃላቱ ከአፏ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት፤ ምላሷ ግን አልደነዘዘም። «መነሳቴን ካመንሽማ ጸበሉ ሠርቷል ማለት ነው፣ እልል በይ።»

እልል አላልኩም። መኪናውን ይዤ ሄድኩ።

ድርጅቱ ከሀይሌ ጋርመንት ብዙም አይርቅም። ፊት ለፊት አዳዲስ መኪኖች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ጥገናው ከኋላ ነው። መኪናዬን አስገቡት፣ ኮምፒውተር ሰኩበት፣ እኔ ላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከዚያ የጥገና ኃላፊው እጁን እየጠረገ መጣ። እጁ ላይ ምንም አልነበረም።

«ማዘር፣ ይምጡና ይዩ» አለኝ።

እናቱ በስሜ ነው የምትጠራኝ፣ እሱ ማዘር ይለኛል። ተከትዬው ሄድኩ። የኋላውን ምንጣፍ ገልጠውታል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ በእጁ ሲጫነው ውሃ ተፋ።

«ጎርፍ ውስጥ ነድተዋል?»

«ክረምት ነው። አስፋልቱ ሁሉ ጎርፍ ነው። የት ልንዳ?»

«እሱ ነው» አለ። «ውሃው ከሥር ነው የገባው። ባትሪው ደግሞ ያለው እዚህ ነው፣ ከወለሉ ሥር። መብራቱም የበራው ለዚህ ነው።»

«ውሃ ከገባበት ምን ይሆናል?»

ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየኝ። በየት አገር እንደሆነ የማላውቀው ሰፊ ግቢ ውስጥ አንድ መኪና ቆሟል፤ ማንም አልነካውም። ከሥሩ ነጭ ጭስ ወጣ። ከዚያ እሳቱ በአንድ ጊዜ ከግራና ከቀኙ ፈንቅሎ ወጣ። ውሃ ይረጩበታል፣ እሳቱ ውሃውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

«መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አልኩ።

«ዛሬ ሊሆን ይችላል። ከወር በኋላም ሊሆን ይችላል። ቆሞም እሳት ይነሳበታል። ቻርጅ ላይ እያለ ደግሞ...» አለና እጁን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን በተነ። ያንን የጣቶቹን መበተን እስካሁን አልረሳሁትም።

«ባትሪውን ከፍታችሁ አያችሁት?»

«አይከፈትም፣ እሽግ ነው። ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል።»

«ታዲያ ዋስትና አለኝ ማለት ነው።»

«ውሃ ለገባው ዋስትና የለም፣ ማዘር።»

«ሳትከፍቱት ውሃ እንደገባው በምን አወቃችሁ?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ!»

ዛሬ ይህን ስጽፈው ንግግሩ እርስ በርሱ የት ላይ እንደሚጋጭ ይታየኛል። ያኔ ግን አልታየኝም። ያኔ የሚታየኝ የእህቴ መስኮት ብቻ ነበር። እንደተኛች፣ አንዷ በሯ ላይ ያ ነጭ ጭስ ሲወጣ፣ እሷም ስታየው፣ እግሯ ግን ሳይነሳ።

«ቤት አጠገብ አያቁሙት» አለኝ። «ሰው ያለበት አጠገብ በፍጹም።»

«አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሌለበት ቦታ የት ነው ያለው?»

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ስለምታውቅዎት ነው የምነግርዎት። አዲስ ባትሪ እዚህ የለም፣ ቢገኝም ከመኪናው አይተናነስም። እንዲህ ያለውን ለመለዋወጫ የሚወስድ ሰው አውቃለሁ። የሆነች ነገር ይሰጥዎታል። ነገ ከነገ ወዲያ አደጋ ቢደርስ እኔን ነው የሚጸጽተኝ።»

«እስከዚያ እንዴት ልመለስበት?»

«ቀስ ብለው ይንዱ።»

ነዳሁት። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ባለቤቴ ሆስፒታል የተኛ ጊዜም። ሀይሌ ጋርመንት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ፊቴ ሚኒባስ፣ ኋላዬ ሲኖትራክ፣ በግራዬ አውቶቡስ ሙሉ ሰው። የምቀመጥበት ወንበር ሥር እሳት አለ ብዬ አስቤ በመስኮት የሰውን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች። የከሰሏ ጭስ ሲገባ እጄ በሩን ከፈተው፤ አንድ እግሬ አስፋልቱ ላይ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ፋዘር ይሙት፣ ማዘር ወርዳ ልትገፋው ነው!» አለና ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። በሩን ዘጋሁት።

ግቢ አላስገባሁትም። ከሠፈራችን ጫፍ ያለ ባዶ ቦታ ላይ አቆምኩት። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ወደ መኪናው ሲጠጉ ዣንጥላዬን ይዤ እየወጣሁ አባርራቸዋለሁ። ከትልልቆቹ አንዱ፣ «እማማ፣ ይሄን ሳሙና የሚያክል መኪና ማን ይሰርቅዎታል?» አለኝ። እየሳቁ ሄዱ። እኔም ሌባ ፈርቼ እንደሆነ እንዲያስቡ ተውኳቸው። እውነቱን ብናገር ሠፈሩ በሙሉ መኪናዬን ከዚያ አንሺ ይለኝ ነበር፤ የት እንደማነሳው ግን ማንም አይነግረኝም።

ለእህቴም አልነገርኳት።

«መኪናው የት ነው?» አለችኝ።

«ተበላሽቷል።»

«አንቺ በምን መጣሽ?»

«በእሱ።»

«ሄዶ መምጣት የሚችል ብልሽት ለእኔም ይስጠኝ» አለች። «ለምን ውጭ አሳደርሽው? ተጣላችሁ?»

እሳት የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። መራመድ ለማይችል ሰው እሳት ይነገራል እንዴ? ጋቢዋን አስተካከልኩላት። እሷ ግን ትጠብቅ ነበር። ጠዋት ስገባ ነጠላዋን በግራ እጇ እየጎተተች ለብሳ አገኛታለሁ፤ የፍልሰታ ቀን ሲያልፍባት ታያለች። አንድ ቀን ነጠላዋን አልለበሰችም። የቀኝ እጇን ጣቶች አየኋቸው፤ አልጋው ላይ ዝም ብለዋል። «አንቀሳቅሻቸው» አልኳት። «ምን አስቸኮለሽ?» አለች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ለኃላፊው ደወልኩለት። ሰውየው መኪናውን ይውሰደው፣ ነገ አመጣዋለሁ አልኩት። በሚሰጠኝ ነገር ሰው ቀጥሬ በኮንትራት ታክሲ እወስዳታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በማግስቱ ከመውጣቴ በፊት ጠርሙሶቹ አልቀው ስለነበር ከጀሪካኑ ልቀዳላት ጎንበስ አልኩ። ጀሪካኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሳፋው ግን ውሃ ይዟል።

«እሱን ልነግርሽ ነበር» አለች እህቴ ከአልጋዋ። «ያለቅሳል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። መጀመሪያ ጣራው የሚያፈስ መስሎኝ ነበር። ለጎረቤት የሚሰጠው እሱ ነው።»

ጀሪካኑን አነሳሁት። ከታች ጥጉ ላይ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። መንገዱ ሲያናጋው፣ ስንወጣና ስንወርድ፣ ስንት ጊዜ ምንጣፉ ላይ ጠብ እንዳለ አሰብኩ። ከኋላ ወንበር እግር ሥር። እነሱ የገለጡት ምንጣፍ እሱ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ፈርቶ የሰነበተ ሰው ወዲያው አይመለስም። ከላይ የፈሰሰውም ቢሆን ወደ ታች ወርዶ ባትሪው ውስጥ ቢገባስ? ጸበል እሳት አያስነሳም ብዬ ለራሴ ተናገርኩና አፈርኩ፤ ውሃ ውሃ ነው። ጎርፉም እኮ ነበረ። መኪናውን የነዳሁት ላስረክበው ነው ወይስ ልጠይቀው ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ከፍቼ እያሸተትኩ ሄድኩ።

እንደደረስኩ ውጭ፣ ከበሩ ማዶ አቆምኩት። ቁልፉን ጥበቃው ተቀብሎ ወሰደው። ኃላፊው በደረጃ ከሚወጣበት ቢሮው ወርዶ፣ «በጣም ጥሩ ነው ያደረጉት፣ ማዘር» አለኝ። የሚወስደው ሰው እየመጣ ነው አለ። ያኔ በረዶ ጀመረ። የክረምት በረዶ እንደምታውቁት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው የሰውን ቃል አይሰማም። ሁላችንም ወደ መጠለያው ሸሸን። እሱ ግን ከጥበቃው ቁልፉን ነጥቆ፣ ራሱን በክላሰር ሸፍኖ ወደ ውጭ ሮጠ። መኪናዬ ውስጥ ገባ። በሩን ዘጋው። አስነሳና እየነዳ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ከጣራው ሥር፣ በሁለት አዳዲስ መኪኖች መካከል፣ ገንዘብ ያዧ ከምትቀመጥበት መስኮት ፊት፣ ከራሱ ቢሮ በታች። ወርዶ በመዳፉ ኮፈኑን ዳሰሰው፤ በረዶው አጎድጉዶት እንደሆነ እያየ ነው። የራሱ የሆነን ነገር ሰው እንደዚያ ነው የሚዳስሰው።

እኔ ያን መኪና ለመንካት ስፈራ ነው የሰነበትኩት።

በረዶው ጋብ እስኪል ጠበቅኩና ተጠጋሁት።

«እሳት ይነሳበታል ያልከኝን መኪና ከራስህ ቢሮ በታች አቆምከው?»

«ለአንድ አፍታ ነው፣ ማዘር። በረዶ እኮ ነው።»

«ለመለዋወጫ የሚፈታ መኪና በረዶ ምን ያደርገዋል?»

ገንዘብ ያዧ ቀና ብላ አየችን።

«ይህቺ ልጅ እሳት ይነሳል ብለህ ነግረሃታል?» አልኩት። «ንገራት። ለእኔ እንደነገርከኝ ጣትህን በትነህ ንገራት።»

«ኧረ ማዘር፣ ድምፅዎን...»

«ማዘር አትበለኝ፣ እናትህን አውቃታለሁ። ምንጣፉ ላይ የነበረው ውሃ ጸበል ነው። እህቴ ታማብኛለች፤ ጸበል የማመላልስበት ጀሪካን አፍሷል።» ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እዚያ ዘይት በዘይት በሆነ ወለል ላይ፣ መካኒኮች እየሰሙ ተናገርኩት። ከበደሉ ሁሉ ይህ ነው የሚቆጨኝ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ጎርፍ ነው ብለህ ጨረስከው። አሁን ባትሪውን ፊቴ ክፈተው።»

«አይከፈትም አልኩ እኮ።»

«እንግዲያው ቁልፌን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። ገብቼ አስነሳሁት። ቢጫው መብራት አልበራም፤ ስመጣ ከፍርሃቴ የተነሳ ልብ አላልኩትም ነበር። ምንጣፉ ደርቋል። ልወጣ ስል ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ በዝግታ፣ «መብራቱ ቢጠፋም ውሃው ገብቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ነግሬዎታለሁ» አለኝ። ይህን ያለው ተበሳጭቶ ይሁን እውነቱን ይሁን አላወቅኩም። ዛሬም አላውቅም። ያንን አንድ ቃል ወንበሬ ሥር አስቀምጦልኝ ሄደ።

ባዶው ቦታ ጋ ስደርስ መኪናውን አቆምኩና ወደ እህቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ልወስን አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ እሳት የሚለውንም ቃል ተናገርኩ። ቪዲዮውን፣ በረዶውን፣ ስንጥቁን። ተነስተሽ መውጣት አትችይም አልኳት፤ እኔም ብቻዬን በቶሎ ላወጣሽ አልችልም።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ይህን ሁሉ ቀን እዚህ ጋ ተጋድሜ ጸበል የቀረብኝ እሳት ፈርተሽ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ለእኔ?»

«ለማን ይሆናል ታዲያ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እዚህ አልጋ ላይ እየቀረሁ ነው እኮ» አለች። «ያም ሞት ነው፤ ጭስ ስለሌለው አላየሽውም። አስገቢው።»

አስገባሁት። ከመስኮቷ ሥር አቆምኩት። ሶኬቱን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደ ግቢው በር አስወሰድኩ፤ እሷ ክፍሏ ውስጥ ካለች ቻርጅ አላደርግም፣ ቀን ቀስ ብዬ አውጥቼ ከግቢው ወዲያኛው ጥግ አስቀምጣታለሁ። አልጋዬን ከዋናው ቤት አውጥቼ ክፍሏ ውስጥ በሯ ሥር ዘረጋሁ፤ እስካሁን እዚያ ነው የምተኛው፣ ከመተኛቴ በፊትም የመኪናውን ወለል በእጄ እዳስሳለሁ። ለኃላፊው እናት ምንም አልነገርኳትም። በእድር ቀን ግን አጠገቧ አልቀመጥም፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችኝም። አዲስ ጀሪካን ገዛሁ። ፍልሰታ ሳይፈታ እህቴን አሳፍሬ ጸበል ወሰድኳት።